የወተት ጥርስና የፍም ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ የአንበሳ ጥቁር ጎፈር የሁሉ ምኞት በሆነበት ቆላ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ማፈሪያ ሆነ። ይህን ያየች እመት ቀበሮ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍራ ፍም ከመረችበት፤ ከፍሙ በላይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋደመች። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ የዋለ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። የመግቢያ ዋጋው አንድ የቆቅ እንቁላል ነበር።

ትልልቆቹ ቆዳቸው ወፍራም ነውና ለጊዜው ቻሉት። የትንንሾቹ ግን ይላጥ፣ ይቆስል ጀመር። አንበሳም ሸንጎ ጠርቶ፣ የወተት ጥርሱን ያልጣለ እንዳይገባ ደነገገ። የእንስሳ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ አይደል? በር ላይ ቆሞ አፍ እያስከፈተ እንዲያይ አያ ጅቦ ተሾመ። ጠባቂ ጠፍቶ ጅብ! እንግዲህ ምን እንዳየበት ሸንጎው ራሱ ይወቀው።

ከደንበኞቿ ግማሾቹ ልጆች ነበሩና ቀበሮ ነገሩ ከነከናት። በማግስቱ ቅልጥም ይዛ ከች አለች።

«አያ ጅቦ፣ የሌላውን ጥርስ ስታይ ስትውል የራስህ ጥርስ ሥራ ፈታ እኮ» አለችው።

ጅቦ ቅልጥሙን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይመጣለት ነበር።

አህዪት፣ ዳለቻ የምትባል ልጅ ነበረቻት። የቀሩትን ልጆቿን ድርቅ ፈጅቶባት የተረፈቻት እሷ ብቻ ናት። እኩዮቿ «አመዳም» እያሉ ሲስቁባት ውርንጭላዋ ሆድ ባሳት። እናቷ፣ ጥርስሽ እስኪወልቅ ታገሺ ብላ ለመነቻት። ደግሞስ ሕግ አለ፣ በሩ ላይ ጠባቂ አለ ብላ ተማምና ለግጦሽ ወጣች።

ዳለቻ በሩ ላይ ደርሳ አፏን ከፈተች። ጅቦ ትንንሾቹን ጥርሶች አየ፤ አየና ወደ ቅልጥሙ ዞረ። እሷም ገባች። በነጋታውም ገባች። ሰንበትበት ሲል ጀርባዋ ላይ የማይሽር ቁስል ወጣ፤ እያደርም ወደ ውስጥ ዘለቀ። ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። አንጀት ይበላል።

አህዪት ሸንጎው ፊት ቀርባ ከሰሰች። አንበሳ ጅቦን፣ የውርንጭላዋን ጥርስ አላየህም ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አይቻለሁ ጌታዬ፤ አፌ ሞልቶ ስለነበር መናገር አቃተኝ» አለ ጅቦ።

ቀበሮ ፈጠን ብላ፣ «ማንም አላስገደዳትም፤ ወዳ ነው የገባችው» አለች።

አህዪት ቀና ብላ አየቻቸው። «አዎ፣ ወዳ ነው። ልጅ ነበረች። እሷ እምቢ ማለት ስለማታውቅ ነው በር ላይ እምቢ የሚል ያቆምነው።»

አንበሳ ጉድጓዱን አስደፈነ፤ ሁለቱንም ከአገር አባረረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። አህዪት ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከጉዳት የሚያድነው የዕድሜ ገደብ መደንገግ ብቻ ሳይሆን፣ በሩ ላይ ሆዱን የማያስቀድም ጠባቂ ማቆምም ጭምር መሆኑን ነው።