የጡሜ ላምና የማክሰኞ ሽልንግ

ተረቴን በላም በረት ልጀምር። በረቱም አለ፣ ላሟም አለች፣ የጠፋው በረቱን የሚከፍት ሰው ነው። ነገሩ የሆነው ሞያሌ ነው። ሞያሌ ግማሿ በብር፣ ግማሿ በኬንያ ሽልንግ የምትኖር ከተማ ናት። ወዲህ በኩል ጡሜ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሟቹ የአጎት ልጅ ሀላኬ ይኖራሉ። አንድ ማክሰኞ የጡሜ ላም ማንንም ሳታስፈቅድ ድንበሩን ተሻገረችና የሀላኬን ድርቆሽ በላች። ሀላኬም በረት አስገብቶ ዘጋባት። ጥጃዋ ወዲህ ቀረ። የጎረቤት ወተት በጣሳ ቢሰጡት አልቀምስም አለ፤ ሐሙስ ጠዋት መቆም አቃተው። የጡሜ ፍላጎት ትንሽ ናት፦ ጥጃዋ እንዲጠባ።

"ሀላኬ፣ የሣርህን ዋጋ እንካና ላሜን ስጠኝ" አለችው።

"በስንት መንዝረሽ?"

"በዛሬው ነዋ።"

"ነውር ነው። ሣር በተበላበት ቀን ዋጋ ነው የሚከፈለው፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። የኔ ሣር የተበላው ማክሰኞ ነው። የማክሰኞ ሽልንግ በብር ስንት ነበር? እሱን አምጪና ውሰጃት።"

የዛሬው ዋጋ ለራሱ ለሀላኬ ይሻለው ነበር። ሰው ሥርዓት አክባሪ ነኝ ካለ ግን ጥቅሙን እንኳ አያይም።

ጡሜ ወደ መንዛሪው ወደ ሙክታር ሮጠች። "የማክሰኞ ሽልንግ ስንት ነበር? ሀላኬ በረቱን አይከፍትም፣ ላሜ አትወጣም፣ ጥጃዬ አይጠባም።"

ሙክታር ጃንጥላው ሥር እንደተቀመጠ ሳቀ። "እትዬ ጡሜ፣ የትናንትን የሚያስታውስ መንዛሪ ይከስራል። እኔ የሽልንጌን ዋጋ የምቆርጠው የፍየል ገበያውን አይቼ ነው። የማክሰኞ ፍየል ስንት እንደነበረ ደላላው ዋሪዮ ይንገርሽ፣ የቀረውን እኔ እነግርሻለሁ።"

ዋሪዮ የአንዲት ፍየል አፍ ፈልቅቆ ጥርሷን እያየ ነበር። "የማክሰኞ ፍየል ስንት ነበር? አንተ ፍየሉን ካልነገርከኝ ሙክታር ሽልንጉን አይነግረኝም፣ ሀላኬ በረቱን አይከፍትም፣ ላሜ አትወጣም፣ ጥጃዬ አይጠባም።"

"የኔ እህት፣ ፍየል በራሱ ዋጋ የለውም" አለ ዋሪዮ። ፍየሏ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችው። "ዋጋው ያለው ፍየሉ የሚጫንበት መኪና ኪራይ ላይ ነው። ሾፌሩ ደርበው ማክሰኞ በስንት እንደጫነ ጠይቂልኝ።"

ደርበው አይሱዙው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጡሜ በእግሩ ጎተተችው። "የማክሰኞ ኪራይ ስንት ነበር? አንተ ኪራዩን ካልነገርከኝ ዋሪዮ ፍየሉን አይነግረኝም፣ ሙክታር ሽልንጉን አይነግረኝም፣ ሀላኬ በረቱን አይከፍትም፣ ላሜ አትወጣም፣ ጥጃዬ አይጠባም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ እማ! ባንኩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ምንዛሪ አይቼ ነው የምጠራው። ማክሰኞ ደግሞ ሰሌዳው ባዶ ነበር። አቶ ልሳነወርቅን ጠይቂ።"

አቶ ልሳነወርቅ ባንኩ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ኃላፊ ነው፤ ከረባትም ያስራል። ጡሜ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ጀመረች። "የማክሰኞን ሰሌዳ ጻፍልኝ ልጄ። አንተ ሰሌዳውን ካልጻፍክ ደርበው ኪራዩን አይነግረኝም፣ ዋሪዮ ፍየሉን አይነግረኝም፣ ሙክታር ሽልንጉን አይነግረኝም፣ ሀላኬ በረቱን አይከፍትም፣ ላሜ አትወጣም፣ ጥጃዬ ሊሞትብኝ ነው።" እዚህ ላይ እንባዋ መጣ፤ እውነቷን ነው።

"እናቴ፣ ብርና ሽልንግ በቀጥታ አይተዋወቁም" አለ አቶ ልሳነወርቅ። "ብሩ መጀመሪያ ዶላር ይሆናል፣ ዶላሩ ደግሞ ሽልንግ ይሆናል።"

"ከቤቴ እስከ ሀላኬ በረት ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል። ዶላሩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?"

"በሲስተም ነው። ማክሰኞ ግን ኔትወርክ አልነበረም።"

"ኔትወርክ ሳይኖር ምን ታደርጋላችሁ?"

አቶ ልሳነወርቅ ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሙክታርን እንጠይቃለን።"

ጡሜ መንገዷን ወደ ኋላ ቆጠረች። ሀላኬ ሙክታርን ይጠብቃል፣ ሙክታር ዋሪዮን፣ ዋሪዮ ደርበውን፣ ደርበው ባንኩን፣ ባንኩ ሙክታርን። ሁሉም አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ይዞራል፣ መሐል ላይ አንድ ጥጃ ወድቋል።

"ለመሆኑ ማን ነው የላከሽ?" አለ አቶ ልሳነወርቅ።

"መጀመሪያ የላከኝ ሙክታር ነው።"

"አትይም! የማክሰኞን ስንት አለ ታዲያ?"

ጡሜ ቁጥር አታበዛም። "አንድ ለአንድ" አለች።

አቶ ልሳነወርቅ እፎይ ብሎ ተነሣ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ ሰሌዳው ላይ "ማክሰኞ፦ አንድ ሽልንግ በአንድ ብር" ብሎ ጻፈ፣ ማኅተምም መታበት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ባንኩ ሰሌዳውን ጻፈ፣ ደርበው ሰሌዳውን አይቶ ኪራዩን ጠራ፣ ዋሪዮ ኪራዩን ሰምቶ ፍየሉን ጠራ፣ ሙክታር ፍየሉን ሰምቶ ጣቱን ቆጠረና "አንድ ለአንድ ነበር፤ እኔ እኮ መጀመሪያም ብያለሁ" አለ። ሀላኬም የሣሩን ዋጋ ተቀብሎ ሥርዓቱ ተሟላልኝ አለና በረቱን ከፈተ፣ ላሟ እየጮኸች ድንበሩን በሩጫ ተሻገረች፣ ጥጃውም ተንበርክኮ ጠባ። ጡሜ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የዚያን ማክሰኞ ዋጋ ዛሬም ብትጠይቁ ባንኩ በማኅተም አስደግፎ ይሰጣችኋል። የተማሩ ሰዎች እየመጡ ያጠኑታል፤ ብርና ሽልንግ ያን ቀን ብቻ ለምን እኩል እንደሆኑ ይከራከራሉ። አንዱ የገበያው ኃይል ነው ይላል፣ አንዱ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ነው ይላል፣ አንዱ ፖሊሲው ነው ይላል። እኔም ተረቴን እመልሳለሁ፣ አፌንም በዳቦ አብሳለሁ። ከእነዚያ የተማሩ ሰዎች መካከል "አንድ ጥጃ ርቦት ነበር" ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።