የባለመሬቱ ሲሶ

እናትነሽ የምትባል ተማሪ የኖራ ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለበት መቶ ግራም የተፈጨ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት አቃጠለች። ሲበርድ ብትመዝነው ሀያ ሁለት ግራም ጎድሏል። «ቲቸር፣ የጎደለው ሀያ ሁለት ነው። ታዲያ በውስጡ ያለው የኖራ ድንጋይ ሀያ ሁለት ፐርሰንት ነው ብዬ ብጽፍ ምን አለበት?» አለች። መምህሩ እንዲህ ሲሉ መለሱላት፦

«አንድ ጭሰኛ ነበረ። የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ጎረቤቱ ግን የገዛ መሬቱን የሚያርስ ነውና ለማንም አይሰፍርም። ሁለቱም ነጭ ጤፍ ዘርተው ባንድ አውድማ ወቁ። የባለመሬቱ ሎሌ መጥቶ ከጭሰኛው ጤፍ ሁለት ቁና ለአራሹ፣ አንድ ቁና ለጌታው እያደረገ ሰፈረ። በዚያ አገር አውድማ ላይ መቁጠር በረከት ያሸሻል ይባላልና ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ሎሌው ድርሻውን ጭኖ እንደሄደ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሁለቱ ጤፋቸውን እየዛቁ ባንድ ጎተራ ገለበጡት። ነጭ ከነጭ ተቀላቀለ፤ ማን ይለየው?

ዝናቡ ሲያባራ ቢሰፍሩት ሰማንያ ቁና ሆነ። ባለመሬቱ ቤት ገብቶ የተቆጠረው ደግሞ ሀያ ነው። ጎረቤቱ ፈጠን ብሎ፣ ‹ካንተ ጤፍ ሲወጣ የታወቀው ሀያ ብቻ ነው። አንተም ሀያህን ውሰድ፣ ስድሳው የኔ ነው› አለ። ጭሰኛው እየተበደለ መሆኑን ልቡ ያውቃልና ‹ሽማግሌ ይዳኘን› አለ። ልጆቹን ክረምቱን የሚያሻግራቸው ያ ጤፍ ብቻ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። ‹ውልህ ምን ነበር?› አሉት። ‹ሲሶ› አለ። ሽማግሌው ሦስት እፍኝ ጤፍ ቁርበት ላይ አኖሩና አንዱን ወደ ዳር ገፉት። ‹የሄደው ይሄ ነው። ሁለት ወንድሞቹን ሳይተው አይሄድም። ሀያ ከሄደ አርባ ቀርቷል፤ ሰማንያውና ሀያው ተደምሮ ከሚሆነው መቶ ቁና ስድሳው ያንተ ነበር ማለት ነው።› ጎረቤቱ ራሱ ቁናውን አንስቶ አርባውን ይሰፍርለት ጀመር።

እናትነሽ፣ ድንጋይሽ ያ ጎተራ ነው። አሸዋው እንደ ጎረቤቱ ነው፤ እሳት ቢነድበት ምንም አይሰጥም። የኖራ ድንጋዩ ጭሰኛው ነው፤ ሲቃጠል ከመቶው አርባ አራቱን ጋዝ አድርጎ ይገብራል። ውሉ ይሄ ነው፤ ሰው አያሻሽለውም። ሀያ ሁለት ግራም የሚገብር ስንት ግራም ነው? ሀምሳ። ስለዚህ ሀምሳ ፐርሰንት ነው። አንቺ ግን የባለመሬቱን ሲሶ አይተሽ፣ ጭሰኛው ያመረተው ይሄው ነው ብለሽ ልትፈርጂ ነበር። ውሉን ሳትጠይቂ አትጻፊ፤ የሰው ቀለብ ነው የምትቀንሺው።»