የሃምሳ ሁለቱ ቤት ውኃ

በአንድ ወቅት፣ በጨጎ ተራራ ላይ የስልክ ማማ በተተከለ በሦስተኛው ዓመት፣ የውኃ አባት የነበሩት አያ ሺመላሽ ሞቱና የቦዩ በር ቁልፍ ባለቤት አጣ።

የጨጎ ምንጭ ከተራራው ወገብ ይፈልቃል። አያቶች አለት ፈልፍለው ባወጡት ቦይ ይወርድና ሃምሳ ሁለት ቤት በየተራው ያጠጣል። የጨጎ ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ትሑት ነው፤ በቦዩ ግን ይኮራል። «እኛ ዘንድ ዝናብ ሲቀር የሚቀርብን ጭቃው ብቻ ነው» እያለ በጎረቤት አገር ይቀልዳል። ለአንድ ተራ ግማሽ ቀን ይሰጣል፤ ዙሩ በሃያ ስድስት ቀን ይሞላል። ይህ ሁሉ ተራ ግን የትም ተጽፎ አያውቅም ነበር። ያለው በአያ ሺመላሽ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደጃቸው ካለው ቋጥኝ ላይ ይወጡና «እስከ ቀትር የእገሌ ቤት! ከቀትር በኋላ የእገሌ ቤት!» ብለው ይጣራሉ። የተጣሩት ይጸናል። ተራዬ አለፈ የሚል ሰው ቢኖር የራሱንና የጎረቤቱን እንጂ የሃምሳ ሁለቱን አያውቅምና ምን ብሎ ይከራከራል? ስለዚህ እሸቱም፣ ማሩም፣ የመጀመሪያው ቃሪያም ወደ አያ ሺመላሽ ቤት ይመጣል። እሳቸው አምጡ ብለው አያውቁም፤ የመጣውንም መልሰው አያውቁም።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ትልቁ ልሳነወርቅ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድጎ መሪጌታ የሆነ ነው። ጆሮው የገባ ነገር አይወጣም። አንድ የጥቅምት ቦይ ጠረጋ ላይ አባቱ አካፋቸውን ይዘው የተራውን ስም ከላይ እስከ ታች ሲያዜሙ አንድ ጊዜ ሰማ፤ አንድ ጊዜ በቃው። በዚያው ወር ሩቅ አገር ባለ ደብር ተቀጥሮ ሄደ።

ትንሹ አበጀ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ጥሎ ከተማ ገባና ስልክ ጠጋኝ ሆነ። «አበጀ የሞተ ስልክ አስነሥቶ ያስለፈልፋል» ይሉታል። ነገር ደብቆ ማደር አይችልም፤ የሰማውን ሁሉ ሰው ካልሰማለት ያሳክከዋል።

መካከለኛዋ ዘርፌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ እዚያው ጨጎ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከሕፃናት ጋር ድምፅ አላት፤ አዋቂ ፊት ሲሆን ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሰው ስሟን ሲጠራ እንኳ አንገቷ ድረስ ትቀላለች። ለዘጠኝ ዓመት ግን የጨጎን ውኃ ስታዝ የኖረችው ይህች ዓይን አፋር ሴት ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ «ከአገራችሁ ያልተጻፈ ነገር ጽፋችሁ አምጡ» አላቸው። አባቷ እየሳቁ የቦዩን ተራ ነገሯትና በደብተር ጻፈችው። ሥራው ታረመ፣ ደብተሩም ሣጥን ገባ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት አያ ሺመላሽ ቋጥኙ ላይ ወጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቆሙ። ታች ሰው አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል። እሳቸው ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ አስመስለው ወረዱና ወደ ቤት ገቡ።

«ልጄ» አሏት በሹክሹክታ፣ «ዛሬ የማን ነው?»

ዘርፌ እንዲህ ያለ የአባቷን ፊት አይታ አታውቅም። መንገድ የጠፋው ሰው ፊት ነበር። ሣጥኑን ከፍታ ደብተሩን አወጣችና ነገረቻቸው። እሳቸውም ወጥተው ተጣሩ። ሲመለሱ እጇን ይዘው፣ «ይህን ነገር ለወንድሞችሽም ቢሆን አታውጪው» ብለው አስማሏት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ለአባቷ የፊት ውኃ ስታፈስላቸው ጎንበስ ብላ የዕለቱን ሁለት ስም በጆሯቸው ትናገራለች። እሳቸው ፊታቸውን ያብሳሉ፣ ቋጥኙ ላይ ይወጣሉ፣ በዚያ የታወቀ ድምፃቸው ይጣራሉ። ሰውም «አይ ሺመላሽ! ይህ ራስ ምን ይሆን?» ይላል። ዘርፌ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ስለ አባቷ ደስ ይላታል። ስለ ራሷም ደስ ይላታል፤ በዚህኛው ግን ታፍራለች።

በዚያው በመጀመሪያው ዙር ግን አንድ ስሕተት ተሠራ። በጨጎ ልማድ በቦይ ጠረጋ ላይ ወንድ ያላሰለፈ ቤት ተራውን ያጣል፤ ተራው ከላይ ለሚዋሰነው ጎረቤት ይሄዳል። ደምሌ የተባለ ገበሬ ልጅ ሳይወልድ ሞቶ ነበርና ተራው ከላዩ ላለው ለአያ ተገኘ ሄዷል፤ ልሳነወርቅ የሰማው ዜማም ከዚያ ወዲህ የተዜመ ነው። የዘርፌ ደብተር ግን የተጻፈው ደምሌ በሕይወት ሳለ ነው። እሷም እንደተጻፈው «የደምሌ ቤት» አለች፤ አባቷም «የደምሌ ቤት!» ብለው ተጣሩ። የደምሌ ሚስት ማንጠግቦሽ የደረቀውን መሬቷን ጥላ እየሮጠች መጥታ ቋጥኙ ሥር ተደፋች። «እድሜ ይስጥዎ አያ ሺመላሽ! ረሱኝ ብዬ ነበር!»

ዘርፌ ስሕተቷ የገባት ያኔ ነው። በሚቀጥለው ዙር ማረም ትችል ነበር። አላረመችም። ማንጠግቦሽ በጥቅምት የባሏን አካፋ ተሸክማ ከወንዶቹ ጋር ስትጠርግ ካየች በኋላማ ጭራሽ እጇ እምቢ አለ። በደብተሩ ላይ «ደምሌ» የሚለውን ሰርዛ «ማንጠግቦሽ» ብላ ጻፈች።

አያ ተገኘ በነገሩ ተቆጥተው መጥተው ነበር። አያ ሺመላሽ የተራውን ነገር አላስታወሱምና፣ «የተጣራሁትን ተጣርቻለሁ» አሏቸው። ተገኘም እጅ ነሥተው ተመለሱ። የውኃ አባት ቃል በዚያን ጊዜ ምስክር አይጠየቅበትም ነበር።

አያ ሺመላሽ ከሞቱ በኋላ ሦስቱ ልጆች ለተዝካሩ ተሰበሰቡ። ዓመቱ የድርቅ ነበር፤ ምንጩ ቀጥኗል። ተራ ጠሪ በመጥፋቱ ሁለት ሰዎች ቦዩ ላይ አካፋ ተማዘዙ።

ይህን ጊዜ አበጀ ሣጥን ሲፈትሽ ደብተሩን አገኘ።

«እታለም፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አባባ... እያዘዘኝ የጻፍኩት ነው» አለች ዘርፌ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች።

«እና ይህን ይዘሽ ነው ሰው አካፋ የሚማዘዘው?»

ሳያስፈቅድ ስልኩን አወጣ። ሃምሳ ሁለቱንም ተራ ከነቀኑ ጻፈና ስልክ ላለው ቤት ሁሉ ላከ። ስልክ ለሌለው በወረቀት ገልብጦ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጠፈ። በማግሥቱ ቦዩ ያለ ጠሪ ሠራ። ማንም ማንንም አልለመነም። አያ ቦጋለ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ «እነሆ የውኃ አባት! እዚህ ነው ያለው፤ ማርም አይበላ!» አሉ። አገሩ ሳቀ፣ ኮራም። ጨጎ ተወልዶ ካደገ ወዲህ ሃምሳ ሁለቱንም ስም በአንድ ጊዜ ያየው ያን ቀን ነው።

አያ ተገኘም አዩት። ልጃቸው አነበበላቸው፤ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ «ማንጠግቦሽ» ሲል አስቆሙት። «እንደገና በል» አሉ። እንደገና አለ። ከዘራቸውን አነሡ።

ቁልፉ ለማን ይሰጥ ተብሎ አገር በተሰበሰበበት ቀን፣ አያ ተገኘ በሽማግሌዎቹ መካከል ቆሙ። «ሠላሳ ስምንተኛው ተራ የእኔ ነው። ለሺመላሽ ቃል አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ለስልክ ግን አልደፋም። መሪጌታ ይምጣና ያዚም።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ውቤ ወደ ልሳነወርቅ ዞሩ። ልሳነወርቅ የወንድሙን ዝርዝር አንብቧል፤ ልዩነቱንም አውቋል። እንዳወቀው ያዜመ እንደሆነ የገዛ ቤቱን ያዋርዳል፤ እንደ ዝርዝሩ ቢያዜም ማንም አይነቃበትም። ጋቢውን አስተካከለና ከላይ ጀመረ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን አላሳነሰም። «ተገኘ» አለ። እስከ ሃምሳ ሁለት ጨርሶ ተቀመጠ።

አባ ውቤ፣ «አበጀ፣ አባትህ በቃላቸው ይጣሩላት ነበር፤ በዝርዝሩ ላይ ግን እንደ ባለተራ ስሟን ማን አስገባው?» አሉ።

«ከደብተሩ ነው የገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም።»

«ስልክ ጠጋኝ አይደለህ?» አሉ ተገኘ። «የስንቱን ሆድ ዕቃ የምትገለብጥ፣ አንዲት ስም መገልበጥ ያቅትሃል?»

አንዳንዱ ሳቀ። ከኋላ ግን፣ «ከጨጎ ይውጣ!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ሌላውም ተቀበለው። ማንጠግቦሽ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ዝም ብትል አበጀ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ የአባቷም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ሰው እስከዚያ ቀን «የሺመላሽን ራስ ይስጥህ» እያለ ልጁን ይመርቃል። መሐላዋም አለ። ግን ወንድሟ ባልሠራው ሥራ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሳታስበው ተነሣች።

«እኔ ነኝ» አለች ወደ መሬት እያየች።

«አልተሰማም!» አሉ ከኋላ።

አንደኛ ክፍሎችን በየቀኑ «ድምፃችሁን ከፍ!» የምትለው እሷ ናት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«እኔ ነኝ አልኩ! አባባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተራውን አያስታውስም ነበር። በየጠዋቱ የምነግረው እኔ ነበርኩ። የእትዬ ማንጠግቦሽን ስም መጀመሪያ በስሕተት አስገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ እያወቅኩ ተውኩት። አበጀ ምንም አያውቅም። አባባንም አትንኩት፤ የደበቀው ስለ እናንተ ነው። ያለ ጠሪ እንዳትቀሩ ነው።»



«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን እጅ ስንነሣ የኖርነው ለአንቺ ነው?» አለ አንዱ።

«ማሬን መልሺልኝ!» አሉ አያ ቦጋለ፤ ሳቅ ፈነዳ። ዘርፌም እያለቀሰች ሳቀች። በዚያ ሁሉ እፍረት መካከል፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቤት እንኳ ቀኑ ተዛንፎበት እንደማያውቅ ትዝ አላትና አንገቷ ቀና አለ።

«አያችሁ? ተቀምቼ ኖሬያለሁ» አሉ ተገኘ።

ማንጠግቦሽ ከመሬት ተነሣች። «እኔ ሴት ብሆን አካፋዬ ሴት አይደለም። በዘጠኙም ጥቅምት ስጠርግ ያላየኝ ይናገር!»

አባ ውቤ ቁልፉን ከፊታቸው ካለው ድንጋይ ላይ አኖሩና ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቁ። «ቁልፉ ቢሰጥህ ሠላሳ ስምንተኛው የማን ነው?»

ልሳነወርቅ እንዲህ አለ። «የአያ ተገኘ ነው። በየአፉ የሚለወጥ ዜማ፣ ዜማ አይባልም። ልማዱ ክፉ ከሆነ ሽማግሌ ተቀምጦ በአደባባይ ይሻረው፤ በጓዳ ግን አይሻርም። የእህቴ ልብ ደግ ነው። ነገ በጓዳ የሚለውጠው ሰው ልብ ደግ ላይሆን ይችላል።»

ዘርፌ እንዲህ አለች። «የእትዬ ማንጠግቦሽ ነው። ቦዩን የጠረገ ይጠጣ። ዜማው ሲዜም እሷን የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ እኔ አየኋት። ከእንግዲህ ግን ደብተሩን አልደብቀውም። ስሳሳት ፊት ለፊት ንገሩኝ።»

አበጀ እንዲህ አለ። «የማን እንደሆነ እኔ ለምን እናገራለሁ? ለሃምሳ ሁለቱም ቤት እልካለሁ፤ አንድ ቤት አንድ ቃል ይመልሳል፤ የበዛው ይጸናል።»

«የተገኘ ዘመድ ብቻውን አሥራ ዘጠኝ ቤት ነው!» ብላ ማንጠግቦሽ ጮኸች።

«አውቃለሁ እትዬ» አለ አበጀ። «ግን ብታጪው እንኳ በማን ቃል እንዳጣሽው ታውቂያለሽ።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ፣ «ልሳነወርቅ ባይኖር እውነቱን ማን ይነግረን ነበር? ለገዛ ቤቱ እንኳ አላዳላም» አሉ። ሁለተኛው፣ «ዘርፌ ባትኖር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተላልቀን ነበር፤ ዛሬም ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም ነበር» አሉ። ሦስተኛው፣ «አበጀ ባይልከው ኖሮ በማናውቀው ነገር ስንገዛ እንኖር ነበር» አሉ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

አባ ውቤ የሦስቱን ልጆች ፊት አዩ፤ ሦስቱም የሺመላሽ ልጆች ናቸው፤ ጨጎ በሦስቱም ይኮራል። የቦዩ በር ግን አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ ነው። ከቀትር በኋላ የሚጠጣው ደግሞ ሠላሳ ስምንተኛው ተራ ነው። ተገኘም ማንጠግቦሽም አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች ፍረዱ። ቁልፉ የሚገባው ላልረሳው ነው፣ ለጻፈችው ነው፣ ወይስ ላዳረሰው?