ጥላሽ ሄደች

ተረት ላወርድ ነው፤ «አውርደው» በሉኝ። እሺ።

ዱሮ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጓሯቸውን አንድ ትልቅ ዝግባ ስላጠላበት ቀኑን ሙሉ እንደ ኩሬ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። ጽጌረዳ ተከሉ፤ መነመነ። ቃሪያ ተከሉ፤ ቀጥኖ ወደቀ። በሦስተኛው አንዲት አደስ ተከሉ፤ ከጉልበት የማትበልጥ፣ በጋ ከክረምት ቅጠሏ የማይረግፍ ቁጥቋጦ።

አደስ ዓመት ሞላት፤ አላበበችም። ወይዘሮ አጸደም ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ሩቅ አገር ሲነሱ፣ «አደስዬ፣ ስመለስ አበባ ካላየሁ ቦታሽን ለጎመን እሰጠዋለሁ» አሏት።

ግድግዳ የተደገፈው ዶማ ይህን ሰማ። ዶማ ካልቆፈረ ይዝጋል፤ አደስ ካላበበች ግን የሚነቅላት እሱ ነው። ተስፋ የቆረጠ ተክል ደግሞ እንደማያብብ ያውቃል።

«አንቺ! ጥላሽ ሄደች!» አላት በማግስቱ።

አደስ ቀና ብላ አየች። የዝግባው ጥላ ተዘርግታለች።

«ኧረ አለች፣ አያ ዶማ። ይኸው እላዬ ላይ።»

«ጥላሽ ነው የምልሽ!»

«እኔም ጥላዬን ነው የምልህ። ዓይንህን ያምሃል እንዴ?»

«ጥለውሽ ሄዱ» ቢላት ወዲያው በገባት። ዶማ ግን እመቤቱን አንቱ ማለት አይወድም።

ከወር በኋላ ደግሞ፣ «ጥላሽ ሄደች፤ አትመለስም!» አላት።

«ሲመሽ ትሄዳለች፣ ሲነጋ ትመለሳለች» አለች አደስ። «አንተ ጠዋት ስለምትተኛ ነው።»

በሦስተኛው ወር መሬቱ ደረቀ፤ የአደስ ቅጠል ጠወለገ።

«ጥላሽ ሄደች! ስንቴ ልንገርሽ?»

አሁን ፈራች። ዘወትር የሚያንቀላፋውን ዝግባ ቀሰቀሰችው።

«ጋሼ፣ ጥላዬ ሄደች እንዴ?»

«እኔ እዚህ ቆሜ እሷ የት ትሄዳለች? ተኚ ልጄ» አለ ዝግባው። ሲያዛጋ፣ ቅርንጫፉ ላይ ያደረው ጤዛ እግሯ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ጠጣች፤ ተኛች። በሕልሟ ራሷን ነጭ በነጭ ሆና አየች። ስትነቃ ሕልሙ ቅርንጫፏ ላይ ነበር።

ወይዘሮ አጸደ ከሩቅ አገር ሲመለሱ፣ የጓሮውን በር ሳይከፍቱ አበባው ሸተታቸው። ገብተው አዩና ዶማውን አነሡ፤ የዶማው ስለት በደስታ በራ። እሳቸው ግን «ቀስ በል፣ ሥሯን እንዳትነካ» እያሉ በዙሪያዋ አፈሩን አለሰለሱበት፤ ፍግም ጨመሩላት።

«አደስዬ፣ ያን ያህል ጊዜ ጥዬሽ ስሄድ አልከፋሽም?»

«ጥለውኝ ሄደው ነበር እንዴ?» አለች አደስ። ከዚያ ዶማውን አየችው። «ውይ! ለካ እሱን ኖሯል የምትለኝ!»

ዶማው አቀርቅሮ ፍጉን አገላበጠ።

እንግዲህ ልብ የሚሰብር ወሬ ማድረስ ካማራችሁ፣ ቢያንስ አንቱታውን አትርሱ። ተረቱን ለእኔ መልሱ፤ የአደሱ ሽታ ለእናንተ ይሁን።