የውስጠኛው በር
ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ። ድሮ በአንበሳ ቤት ውሻ የውጩን በር፣ ኤሊ የውስጡን ይጠብቁ ነበር። ውሻ ከሩቅ የሚጣራን እንግዳ በድምፁ ለይቶ እስከ ግቢው ብቻ ያስገባል።

አንበሳ ርቆ ሄዶ ሳለ ቀበሮ መጣች። ውሻም «ከግቢው እንዳታልፊ» ብሎ አስገባት። እሷ ግን የውስጡን በር አንኳኩታ «የቤቱ ጌታ ነኝ፣ ክፈት!» አለች። ኤሊ ግቢ የገባውን ሁሉ ቤተሰብ እያለ ማንነቱን ጠይቆ አያውቅምና ከፈተላት። ቀበሮም ውስጥ የተሰቀለውን የሁሉንም በር ቁልፍ ወስዳ የውጩን በር ሳይቀር ቆለፈችው።

አንበሳ ሲመለስ ከደጅ «ልጄ፣ መጣሁ!» ብሎ ተጣራ። ውሻ ያንን ድምፅ ሲሰማ ጭራው ተወዛወዘ፤ ቡችላ ሳለ በአንበሳ ጎፈር ውስጥ ተሸጉጦ የሚተኛበት ጊዜ ትዝ አለው።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን ቀበሮ ወስዳዋለች፤ በሩን መክፈት አልችልም» አለና፣ አፍንጫውን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ የድሮውን ጠረን እየማገ አለቀሰ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ውሃ አቀብሉኝ።