ሰማያዊዋ መኪናና ለስላሳው ዝገት

ተረቴ ደጅ ቆሟል፤ «ይግባ» በሉት። ኧረ እንዲህ በቀዘቀዘ አፍ አይደለም፣ ጮክ በሉ! እሺ፣ ገባ።

ድሮ ድሮ ነው። ብረት አፍ በነበረው፣ ሰውም የዕቃውን ቃል በሚሰማበት ዘመን፣ ዝናብ በማያባራባት በጎሬ ተርፋሳ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ባዩሽ ትባላለች። እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ልጃቸውን ሳያቅፉት ቀብረዋል። ምጡ ሲመጣ መኪና ጠፋ፤ ባዩሽን በቃሬዛ ተሸክመው ከቁልቁለቱ ማዶ ሆስፒታል እስኪያደርሷት ሕፃኑ አልጠበቃቸውም። ከዚያ በኋላ ተርፋሳ በሬዎቹን ሸጠ፣ የቡና ማሳውን ሸጠ፣ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ገዛ። «ሁለተኛ ሞት አይቀድመኝም» አለ። አሁን ባዩሽ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ሐምሌ ነው። ይህን ያዙልኝ።

መኪናዋ ቆንጆ ነበረች፤ ቆንጆ መሆኗንም ታውቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ተርፋሳ ያጥባታል፣ ይወለውላታል። ጎረቤቱም «ይህቺ እኮ ሙሽራ ናት!» ይላል።

በጥር ወር አንድ ቀን ከግቢ ስትወጣ የአጥሩ ሚስማር ከኋላ በሯ ስር ጫር አደረጋት። የጣት ጥፍር የምታክል ጭረት ናት። ቀለሙ ተላጠ፣ ብረቱ ታየ። በዚያች ጭረት ዝገት ገባ።

ዝገት ድምፁ ለስላሳ ነው። «እመቤቴ፣ እንደምን ዋልሽ?» አላት።

«ማነህ አንተ?»

«እንግዳ ነኝ። ብዙ ቦታ አልይዝም፤ ጥጉ ይበቃኛል።»

«ውጣልኝ! ሰው ያይሃል!»

«ካልጮኽሽ ማን ያየኛል? ገመና እኮ ነው፣ እመቤቴ። ጨዋ ገመናውን አደባባይ አያወጣም። አንቺ ሸፍኚኝ፣ እኔ ዝም እላለሁ።»

አያችሁት? ሌባ መስሎ ቢመጣ ታባርረው ነበር። ይሄ ግን ስለ ጨዋነት እያወራ ገባ። እንዲህ ያለውን እኔም በዕድሜዬ አይቻለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ተርፋሳ ጭረቷን አየና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። ብርጭቆ ወረቀት ብረት የምትፍቀው፣ ገላዋም አፏም ሸካራ የሆነች አሮጊት ናት።

«ልጄ፣ ያምሻል» አለቻት። «ግን ብረቱ ነጭ እስኪሆን ልፋቅሽ። ዛሬ ጥፍር ነው የሚያክለው።»

መኪናዋ ጮኸች። «ወይኔ ጉዴ! ጭረቴን ልታሰፊብኝ ነው? ጋሼ፣ ሸፍነኝ! በፈጠረህ ሸፍነኝ!»

የተርፋሳ ሆድ አልቻለም። ከገበያ የአበባ ተለጣፊ ገዝቶ ለጠፈባት። አማረባት። ዝገትም ከአበባው ስር «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መብላት ጀመረ። ጥፍር የነበረው ጣት አከለ።

በሚያዝያ የተለጣፊው ጠርዝ ተነሳ። ከመኪናዋ ሆድ ስር የምትጠለል አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እሷ ቀና ብላ፦

«እትዬ መኪና፣ ከላይሽ ቡናማ ዱቄት እየረገፈ ነው። ጫጩቶቼን አለበሳቸው» አለች።

«ዝም በይ አንቺ! አፈር ነው።»

«አፈር ከላይ ይወርዳል እንዴ?»

ይህን ተርፋሳ ሰማ። ተለጣፊውን ልጦ ስቱኮ አቦካ፤ የመኪና ጉድጓድ የሚሞላውን ሊጥ ማለቴ ነው። ስቱኮ ቅን ነው፣ መዋሸት አያውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ ጉድጓድ እሞላለሁ እንጂ ዝገት አላወጣም» አለው። «መጀመሪያ አሮጊቷ ትፋቀው።»

«አይሆንም!» አለች መኪናዋ። «ፋሲካ ደርሷል፤ አገር ሁሉ ሊያየኝ ነው። ሸፍነኝ!»

ተርፋሳም ስቱኮውን ዝገቱ ላይ ለሰነው። ዝገት ከስቱኮው ስር ተመቻችቶ ተቀመጠ። ጣት የነበረው መዳፍ አከለ።

በሰኔ ዝናቡ በረታ። ስቱኮው አበጠ፣ ተሰነጠቀ። ብርጭቆ ወረቀት ከመደርደሪያው ላይ «ልጄ! ኧረ ልጄ!» ብትል ማን ይስማት?

«ቀለም ቀባኝ» አለች መኪናዋ። ተርፋሳ ሰማያዊ ቀለም አመጣ። ቀለም ቀልቃላ ነው፤ ስሩ ምን እንዳለ አይጠይቅም። «የት ልተኛ? እዚህ? እሺ!» አለና ተኛበት። ጎረቤቱ «ሙሽራ!» አለ። መዳፍ የነበረው ክንድ አከለ።

ሐምሌ ገባ፤ ባዩሽ ከበዳት። አንድ ማለዳ ዝገት መኪናዋን ጠራት። ድምፁ ከበሩ ስር አልመጣም፤ ከውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ስር ነው የመጣው።

«እመቤቴ፣ እንደምን አደርሽ?»

«የት ነው ያለኸው?»

«ወለሉ ላይ። የወንበሩ እግር የቆመበትን እየጨረስኩ ነው።»

«እዚያ እኮ... እዚያ እኮ ባዩሽ የምትቀመጥበት ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ምን ትያለሽ? ስድስት ወር ሸፍነሽኛል። ዛሬ ብትናገሪ ‹እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?› አይሉሽም?»

እውነቱን ነበር፤ መኪናዋ ይሉኛል ብላ ፈራች። ልጆቼ፣ እፍረት ከባድ ነው፤ ያልደረሰበት አይፍረድባት። ባዩሽ ግን በዚያን ሰዓት በረንዳው ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር። «ዛሬ ወገቤን እያመመኝ ነው» አለች ለባሏ፣ ቀስ ብላ። መኪናዋ ያን ድምፅ ሰማች።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ድረስ! ባዩሽን እንዳታስቀምጥብኝ፣ ወለሌ ተበልቷል! ደብቄህ ነው፤ ከጥር ጀምሮ ‹ሸፍነኝ› የምልህ ዝገት እየበላኝ ነው! ፋቀኝ!»

ተርፋሳ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ ገፋው። ጣቱ ብረቱን በስቶ ገባ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀና ብሎ አያት፤ ክፉ ቃል ግን አልወጣውም።

«እንኳን ነገርሽኝ» አላት።

አሮጊቷ ከመደርደሪያው ወረደች። «ልጄ፣ ዛሬ በጣም ያምሻል።»

«ይሁን፣ ፋቂኝ!»

ፋቀቻት። ቀለሙ ወረደ፣ ስቱኮው ወረደ፣ ቡናማው ወረደ። ዝገት እየረገፈ «ገመናሽን አወጣሽው! ተዋረድሽ!» ይላል። መኪናዋ እያለቀሰች «ፋቂኝ» ትላለች። ነጩ ብረት እስኪወጣ ፋቀቻት። ተርፋሳ የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፣ በምትኩ ወፍራም ላሜራ በብሎን አሰረ፣ ዳር ዳሩን ስቱኮ ሞላ። «ዛሬስ ንጹሕ ብረት ላይ ተቀመጥኩ» አለ ስቱኮ። ከላዩ ዝገት የሚከለክለውን ግራጫ የስር ቀለም ቀባው። ሰማያዊው ሳይደርስ፣ በእኩለ ቀን፣ የባዩሽ ምጥ መጣ።

ወጡ። ግራጫው ገና አልደረቀም፤ ጭቃ ይረጭበታል። ገበያው ጋ ሰው «ምነው ሙሽሪት፣ ምን ነካሽ?» አላት። «ዝገት በልቶኝ ነበር» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ «ምን ነካሽ?» አሏት። «ዝገት በልቶኝ ነበር» አለች። ድልድዩ ጋ የሳቁባት ሰዎች ነበሩ። ለእነሱም ያንኑ ነገረቻቸው፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቁልቁለቱን ወረደች፤ ወለሉ ባዩሽን ቻለ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ ግዙፍ የቡና ጭነት መኪና ቆሞ ነበር፤ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ኩሩ። ግራጫውን ጠባሳ ብዙ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እትዬ... ሲፍቁት ያምማል እንዴ?» አላት።

«ያምማል» አለች። «አንተም ጋ አለ?»

«ከኮፈኔ ስር» አለ። «ሁለት ዓመቱ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ይህን ሲናገር ከሆስፒታሉ ውስጥ የባዩሽ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ተርፋሳ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እንግዲህ እናንተም ስሙ። ገመና ሌላ ነው፣ ቁስል ሌላ ነው። የሚበላችሁን ነገር ለሚፍቅላችሁ ሰው ንገሩ፤ የምትሸከሙት ሰው አለና።