የባሻ ይመኑ ወረፋ

በእኛ አገር ወረፋ የሚዘል ሰው አንዲት ተረት ሳትወረወርበት ቤቱ አይገባም። ቧንቧ ዳር ጀሪካኗን ከሰው ሁሉ አስቀድማ የምትደቅን፣ አውቶቡስ ላይ በክርኑ መንገድ እየጠረገ የሚሳፈር፣ የልጅቱን ጠባይ ሳያውቅ ቀለበት የሚገዛ፣ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። ተረቷን የሚወረውራት ብዙ ነው። ከየት እንደመጣች ጠይቁት ግን «የአባቶች ናት» ብሎ ያልፋል። አባቶች ደግሞ እንዲያው ከመሬት ተነሥተው አይተርቱም፤ መጀመሪያ አንድ ሰው አንድ ነገር ማበላሸት አለበት። የዚችኛዋን ያበላሸው ባሻ ይመኑ ነው።

ባሻ ይመኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። የሰባት ወር ልጅ ነው ይሉታል፤ እውነት ይሁን ሐሜት ያጣራ የለም። ቅዳሴው ሳያልቅ ጫማውን ይፈልጋል። ወጡ ሳይወርድ እጁን ይታጠባል። ሰው ሲያወራው ነገሩን ከአፉ ነጥቆ ራሱ ይጨርሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ተሳስቶ ነው የሚጨርሰው።

በዚያ ዓመት ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር አገኘ። ልጁ አንዳርጌ የግራዝማች ቢተውን ልጅ አስካልን ወዶ እህል አልዋጥ ብሎታል። ግራዝማች ቢተው ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። አማላጅ ተልኮ ነገሩ ተጀምሯል፤ የቀረው ግራዝማች ከዘመዶቻቸው ጋር የባሻን ቤት አይተው፣ እህል ቀምሰው፣ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነው። ይህም የገና ጾም በተፈታ በመጀመሪያው እሁድ እንዲሆን ተስማሙ። ታዲያ በመሃል አንድ ወሬ ከባሻ ጆሮ ገባ። ከቆላ አንድ ባለጸጋ አስካልን ለልጁ ሊያስጠይቅ ሽማግሌ ልኳል የሚል ወሬ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ባሻ እንቅልፍ አጣ። ጥር ሳያልቅ ልጅቱን ቤቱ ካላስገባ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ የቆላው ሰው ይቀድማል፤ እሱ ከቀደመ አንዳርጌ ገዳም ይገባል። እንዲህ እያለ ነገሩን ከግራዝማች አፍ ነጥቆ በሐሳቡ ጨረሰው።

አሁን ወደ ወፍጮው እንሂድ። ጥቁር ውሃ ከሚባለው ወንዝ ዳር አያ ጓንጉል የውሃ ወፍጮ ነበረው። የወፍጮ ድንጋይ ጥርስ አለው። ከመሃል ወደ ዳር እንደ እርሻ ፈር የተቆረጡ መስመሮች ናቸው፤ እህሉን የሚይዙትም የሚሰብሩትም እነሱ ናቸው። ብዙ ሲፈጭ ጥርሱ ይዶለዱማል። ያን ጊዜ ድንጋዩ እህሉን መፍጨት ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ ዱቄቱም ተቃጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ወፍጮ በየጊዜው ይወቀራል። የላይኛው ድንጋይ ይነሣና ይገለበጣል፤ ከዚያ መውቀሪያ በሚሉት ሹል መዶሻ ፈሩ አንድ በአንድ ይታደሳል።

አያ ጓንጉል ድንጋዩን ሊወቅር ያሰበው ገና መስቀል ሳያልፍ ነበር። ነገር ግን መውቀሪያውን ባነሣ ቁጥር የባሻ አሽከር ከነአህያው ከች ይላል። «የእኔን ፍጭልኝና ከዚያ ትወቅራለህ ብለዋል ባሻ» ይላል። የባሻን ሲፈጭ ሌላው አይቶ «እኔስ ከማን አንሼ» ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ድንጋዩ መላጣ ሆነ። በገና ሰሞን ዱቄቱ ከወፍጮው ሲወጣ እጅ ይፈጅ ጀመር። በመጨረሻ አያ ጓንጉል ውሃውን ዘጋ።

«ከእንግዲህ ባሻ ቢመጣ ደጃዝማች ቢመጣ አልፈጭም» አለ። «ድድ ብቻ የቀረውን ድንጋይ ፍጭ ብትሉት ከየት ያመጣዋል?»

ሲወቅር ሰነበተና ዐርብ ጠዋት ጨረሰ። የባሻ ግብዣ እሁድ ነው።

ዐርብ ጠዋት የባሻ ሚስት ወይዘሮ እናትነሽ ጠላ ትጠምቃለች፤ አሽከሩ ዘመድ ሊጠራ ሄዷል። ስለዚህ ባሻ ስንዴውን በአህያ ጭኖ ራሱ ወረደ። በዕድሜው ወፍጮ ቤት ረግጦ አያውቅም፤ ወፍጮ የሴትና የአሽከር ነው ብሎ ያምን ነበር። ሲደርስ ወረፋው ከወፍጮው ደጅ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ተዘርግቷል። ከሁሉም ፊት አንድ ጆንያ ቆሟል። ባሻ አፉን ፈትቶ ቢያይ የገብስ ግርድ ነው፤ የከብት ቀለብ።

«ይህ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው፣ ባሻ» አለች እቴ ሙጭት። እቴ ሙጭት ባሏ የሞተባት፣ በአንድ ጥማድ በሬ ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤቱ ናት። «ለበሬዎቼ ነው።»

«በሬ ከግራዝማች ቢተው ይቀድማል?»

«ዛሬስ ይቀድማል። ወፍጮ በተወቀረ ቀን የመጀመሪያው ለከብት ነው፤ ደንቡ ነው።»

ባሻ በልቡ ሳቀ። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ነውና «ይቅርብህ» የሚል ሁሉ ዋጋ ሊያስጨምር እንደሆነ ያውቃል። ደግሞ በሐሳቡ ነገሩን ጨርሶታል። ቢላዋ በተሳለ ሰዓት ነው የሚቆርጠው፤ ወፍጮም በተወቀረ ሰዓት ነው አልሞ የሚፈጨው፤ ስለዚህ ከሁሉ የላመው የመጀመሪያው ዱቄት መሆን አለበት። ይህችም ሴት ያን ዱቄት ለበሬ ልታበላው ነው።

«ቦታሽን ልቀቂልኝና አንድ ዶሮ ልስጥሽ» አላት።

«ይቅርብዎ፣ ባሻ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ሁለት ዶሮ።»

«ኧረ እኔስ፣ ዱቄቱ ለሰው አይሆንም ነው የምልዎት።»

«ሁለት ዶሮ፣ በዚያ ላይ ጥማድ በሬዬ ከነአራሹ አንድ ቀን ላንቺ ይዋል።»

እቴ ሙጭት ዞር ብላ አያ ጓንጉልን አየችው። አያ ጓንጉል ከወፍጮው ደጅ ቆሟል፤ ቅንድቡ በድንጋይ ብናኝ ሸብቷል።

«ባሻ፣ አዲስ ወቀራ መጀመሪያ ላይ ያራግ...» ብሎ ጀመረ።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ላንተም አንድ ዶሮ።»

አያ ጓንጉል ወደ ወረፋው ዞረ። «መናገሩን ተናግሬያለሁ። የሰማ ይመስክር» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ወረፋ የዘለለ ሰው በዱላ ነበር የሚሸኘው። ያን ዕለት ግን አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። «ይቅደሙ፣ ባሻ፤ ኧረ ይቅደሙ» ይላል አንድ ሽማግሌ። «እርስዎ እያሉ እኛ እንዴት ብለን» ትላለች አንዲት ወይዘሮ። ባሻ ይህን ሁሉ ከክብር ቆጠረው። እንዲያውም ትንሽ ልቡ ተነካ፤ ሰው እንዲህ እንደሚወደው አያውቅም ነበር።

እቴ ሙጭት ጆንያዋን እየጎተተች ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። «እንግዲህ ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉ ይሁኑ» አለች።

ዱቄቱ ቤት ሲደርስ ወይዘሮ እናትነሽ እንደ ልማዷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። አላመጠች። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ይንቋቋል» አለች።

«ስንዴው ጠንካራ ስለሆነ ነው።»

«ስንዴው የራሴ ነው፣ አውቀዋለሁ። ይልቅስ ከጎረቤት ዱቄት ልበደር።»

«ለአማቾቼ የሰው ዱቄት? በሁለት ዶሮ የተገዛ ዱቄት አስቀምጬ?»

ወይዘሮ እናትነሽ ስለ ዶሮዎቹ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። የተናገረችውን መድገም አያስፈልግም። ዱቄቱን ነፋችው፣ ደግማ ነፋችው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ የሚያራግፈው ብናኝ ግን ዱቄት ካለፈበት ወንፊት አብሮ ያልፋል። እንግዳ እየመጣ ነው፣ ቀኑ እየመሸ ነው፣ ባሻም ከበላይዋ ቆሞ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል። ያው ተቦካ።

እሁድ ግራዝማች ቢተው በበቅሎ መጡ። እኝህ ሰው ርስታቸው ሰፊ አልነበረም፤ የሚመኩበት ነገር ጥርሳቸው ነበር። እኩዮቻቸው በሙሉ ቆሎ ማስወቀጥ ሲጀምሩ እሳቸው የባቄላ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ቅልጥም ይሰብራሉ። «ከአባቴ የወረስሁት መሬት ጠባብ ነው፤ ጥርሴን ግን ሙሉውን ነው የሰጠኝ» ይሉ ነበር።

ድፎው በኮባ ተጋግሮ፣ ቀይ ሆኖ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሆኖ ቀረበ። ግራዝማች ባርከው ቆረሱ፤ ለሁሉም ታደለ። ባሻ ዐይኑን ከሰው አፍ ላይ አልነቀለም። እንግዶቹ ጎረሱ። አላመጡ። ከዚያ በቤቱ ሁሉ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚል። ባሻ መጀመሪያ «ቆሎ ያቀረበ ማን ነው?» ብሎ ዙሪያውን አየ። ቆሎ የለም። የራሱን ቁራሽ ቢነክስ የወንዝ ዳር አሸዋ የነከሰ መሰለው።

የሰው ቤት እህል አይነወርምና ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሁሉም ዐይኑን ጣራው ላይ ሰክቶ ይውጣል፤ በላዩ ጠላ ይከልስበታል። ከመደቡ ጫፍ የተቀመጠችው እቴ ሙጭት ብቻ ቁራሿን ሳትነካ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ባሻ ፀጥታውን ሲያይ እፎይ አለ። ጥቂት ቢታገሡለት፣ ግራዝማች ቀኑን ቢቆርጡለት፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።

በዚህ መሃል ከግራዝማች በኩል ጠበቅ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ።

ግራዝማች ማላመጣቸውን አቆሙ። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አንድ ነገር አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩት። የፊት ጥርሳቸው ነበር። 

«ባሻ» አሉ ግራዝማች ረጋ ብለው፤ ስሙን ሲጠሩ በአዲሱ ክፍተት ነፋስ ያፏጫል። «ይህ ዱቄት የት ተፈጨ?»

«ጥቁር ውሃ፣ ጌታዬ። አያ ጓንጉል ዘንድ።»

«መቼ?»

«ወፍጮው እንደተወቀረ፣ ከሰው ሁሉ በፊት» አለ ባሻ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ትንሽ ኩራት አልጠፋውም። «እርስዎን ከማን ላስቀድም ብዬ ቦታውን በሁለት ዶሮና በአንድ ቀን እርሻ ገዛሁት።»

«ከማን?»

«ከእቴ ሙጭት በሬዎች» አለ ባሻ፤ ያን ጊዜ የተናገረው ነገር ለራሱም ተሰማው።

እቴ ሙጭት አፏን መያዝ አቃታት። «ነግሬያቸው ነበር፣ ግራዝማች። ይቅርብዎ ባልኩ ቁጥር ዋጋ ጨመሩ። በሬዎቼ ከሳቸው ቀጥሎ የተፈጨውን ግርድ እየበሉ ነው፤ እንደ ዘንድሮ ያለ ልም ቀለብ አይተው አያውቁም።»

ግራዝማች ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባሻ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። እሳቸው ሲስቁ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሲበቃቸው ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ምን አስቸኮለህ፣ ባሻ?»

«የቆላው ሰው ሽማግሌ ልኳል ሲሉኝ...»

«እሱንማ ገና በኅዳር መለስሁት። ልጅቱ አንዳርጌን ወደደች፣ አለቀ። ዛሬ የመጣሁት ሠርጉ በዚሁ በጥር መጨረሻ ይሁን ልልህ ነበር።»

ባሻ እንደ ፀሐይ በራ። «እንግዲያውስ ...»

«ነበር አልኩህ» አሉ ግራዝማች። «አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ልጄን እሰጥሃለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን አዲስ ትዳርም እንደ አዲስ ወቀራ ነው፤ መጀመሪያ ድንጋዩን የሚያራግፍበት ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ የሚቸኩል ቤት ልጄን አላምጦ ይሰብራታል። አንተ አንድ ዓመት ታገሥ፤ መታገሥ መቻልህን ልይ። ሠርጉ ለሚመጣው ጥር ይሁን።»

አንዳርጌ ከበሩ አጠገብ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ባሻ ልጁን አየ። ያን ሁሉ የሮጠው ለሱ ብሎ ነበር፤ አሁን አንድ ዓመት ሙሉ ያስጠበቀው ራሱ ነው።

«ለዳግማ ትንሣኤስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለጥር።»

«ግንቦት ልደታስ?»

«ለጥር፣ ባሻ።»

«መስቀልስ ቢሆን፣ አደይ ፈንድቶ፣ አገሩ አምሮ ...»

ግራዝማች እጃቸውን ወደ ድፎው ሰደዱ። ከድፎው ሰፋ አድርገው ቆረሱ፤ በእጃቸው ጠቅልለው ወደ ባሻ አፍ ዘረጉ። ጉርሻ አይመለስም፤ ከአማች እጅ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይመለስም። ባሻ አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ሳይውጠው ሌላ ተከተለው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ ግራዝማች።

 ባሻ ሁለት ጉንጩ ሞልቶ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ማላመጥ ጀመረ፤ ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚለው ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። ግራዝማች ጆሯቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ ቆዩና ጥርሳቸውን በመሀረባቸው ቋጥረው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «በተወቀረ ወፍጮ የቀደመ፣ ድንጋይ ቆረጠመ።»